ያልጨመረው ላክቴት፦ ጡንቻው የራሱን ስኳር መስበር ያቃተው ሰው ጉዳይ

ይህ ጉዳይ ለምን ይመዘገባል

ሴል ስኳርን ሰብሮ ጉልበት የሚያወጣበት መንገድ በትምህርት ቤት የሚሰጠው እንደ ረጅም የስም ዝርዝር ነው። ተማሪ ይሸመድደዋል፤ ከፈተናው ማግስት ይረሳዋል። ከዚያ ሁሉ ደረጃ አንዱ ብቻ ሲጎድል በሰው ላይ ምን እንደሚደርስ ያየ ግን አይረሳውም። እዚህ የቀረበው ጉዳይ ይህንኑ የሚያሳይ ነው። በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ብራያን ማክአርድል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተሙት ሲሆን በሽታው ዛሬ በእሳቸው ስም ይጠራል። የታካሚው ማንነት ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም።

ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገው ያለ ዘመናዊ መሣሪያ የተፈታ መሆኑ ነው። የዘረ መል ምርመራ ገና አልነበረም፤ የጎደለውን ኢንዛይም (በሴል ውስጥ የኬሚካል ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) በቀጥታ የለካም ሰው አልነበረም። የነበሩት የክንድ ማሰሪያ፣ መርፌ፣ የደም ናሙና እና በቅደም ተከተል የተጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። በእነዚህ ብቻ ችግሩ በየትኛው ሕብረ ሕዋስ፣ በየትኛው የኬሚካል መንገድ ላይ እንዳለ ታወቀ። የቀረው የኢንዛይሙ ስም ነበር፤ እሱም ስምንት ዓመት ፈጀ።

ታካሚው

የ30 ዓመት ወንድ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀላል ሥራ ሲሠራ የሚሠራው ጡንቻ ያመዋል። ሕመሙን ችሎ ከቀጠለ ጡንቻው ይዝላል፤ ከዚያም ይደርቃል። ይህ የእግር ወይም የክንድ ብቻ ችግር አልነበረም፤ ሲያኝክ የመንጋጋው ጡንቻ ሳይቀር ያመው ነበር። ዐረፍ ሲል ይተወዋል።

ሐኪሞችን የሚያሳስተው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሲመረመር ጤነኛ ይመስላል፤ ችግሩ ብቅ የሚለው በሥራ ላይ ነው። የዚህ በሽታ ታካሚዎች ብዙዎቹ ልጆች ሳሉ ሰነፍ ወይም አስመሳይ ሲባሉ ኖረው፣ ምርመራው የሚደረግላቸው ካደጉ በኋላ ነው። በዕረፍት ጊዜ ብቻ የሚደረግ ምርመራ በሥራ ጊዜ የሚታይ ጉድለትን ሊያገኝ አይችልም፤ ማክአርድል ታካሚውን እያሠሩ መመርመራቸው የጉዳዩ ዋና መዞሪያ ሆኗል።

ጤነኛ ጡንቻ ምን ያደርጋል

ውጤቱን ለመረዳት የጤነኛውን ጡንቻ ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጡንቻ የሚኮማተረውም የሚላቀቀውም ኤቲፒ በሚባለው ጉልበት ተሸካሚ ቅንጣት ነው። የተከማቸ ኤቲፒ ለከባድ ሥራ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይበቃም። ክሬቲን ፎስፌት የሚባለው መጠባበቂያ ሲጨመርበት ወደ 10 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ላሉት ደቂቃዎች ጡንቻው የሚተማመነው ራሱ ውስጥ ባስቀመጠው ግላይኮጅን ነው። ስብ ብዙ ጉልበት ይዟል፤ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ያለ ኦክስጅንም አይነድም።

ግላይኮጅን ማለት እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጉ የግሉኮስ ቅንጣቶች ናቸው። በአንድ አዋቂ ሰው ጡንቻዎች ውስጥ በድምሩ ወደ 400 ግራም፣ በጉበት ውስጥ ደግሞ ወደ 100 ግራም ይገኛል። ፎስፎሪሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ከየቅርንጫፉ ጫፍ አንድ አንድ ግሉኮስ እየቀነጠሰ ያወርዳል። ሲቀነጥስ በሴሉ ውስጥ ያለውን ተራ ፎስፌት ስለሚለጥፍበት፣ የሚወጣው ግሉኮስ 1 ፎስፌት ነው። ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ከደም የሚገባ ግሉኮስ ፎስፌት እንዲለጠፍበት አንድ ኤቲፒ ይከፈልበታል፤ ከግላይኮጅን የሚመጣው ግን ይህን ክፍያ አልፎ ነው ግሉኮስ ወደሚሰበርበት መስመር፣ ወደ ግላይኮሊሲስ የሚገባው።

ግላይኮሊሲስ 10 ደረጃዎች አሉት፤ ሁሉም የሚካሄዱት ነዳጅ በኦክስጅን ከሚነድበት የሴል ክፍል፣ ከማይቶኮንድሪያ ውጭ፣ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ኤቲፒ ይወጣል፣ በኋላ ይገባል። ከደም የገባ አንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ ወጪ ሆኖበት 4 ስለሚያስገባ ትርፉ 2 ነው። ከግላይኮጅን የመጣው ወጪው 1 ብቻ በመሆኑ ትርፉ 3 ይሆናል። በመጨረሻ ባለ 6 ካርቦኑ ስኳር ለሁለት ተከፍሎ 2 ፓይሩቬት ይቀራል።

ፓይሩቬት ሁለት መንገድ አለው። ማይቶኮንድሪያ መቀበል ከቻለ ገብቶ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነዳል፤ ያኔ ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው ጠቅላላ ኤቲፒ ከ30 እስከ 32 ይደርሳል። ሥራው ከማይቶኮንድሪያ አቅም በላይ ሲፈጥን ደግሞ ፓይሩቬቱ ኤንኤዲኤች ከሚባለው ሃይድሮጅን ተሸካሚ ሃይድሮጅን ተቀብሎ ላክቴት ይሆናል። ኤንኤዲኤች በዚህ መንገድ ሸክሙን አራግፎ ካልተመለሰ ግላይኮሊሲስ ወዲያው ይቆማል። ላክቴትን እንደ ቆሻሻ ብቻ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የላክቴት መፈጠር መስመሩ ከላይ እስከ ታች ክፍት ሆኖ እየፈሰሰ ለመሆኑ ምስክር ነው። ከጡንቻው ወጥቶ ወደ ደም ስለሚገባም፣ ከክንድ በሚወሰድ ጥቂት ደም ጡንቻው ውስጥ ያለውን ፍሰት መገመት ይቻላል።

የተደረጉት ምርመራዎች

የመጀመሪያው የክንድ ፈተና ነው። የላይኛው ክንድ የደም ፍሰቱ እስኪቋረጥ በማሰሪያ ይታሰርና ታካሚው መዳፉን እየጨበጠ እየዘረጋ ይሠራል። ደም ስለማይደርስ ጡንቻው ኦክስጅን አያገኝም፤ ያለው ምርጫ ግላይኮጅኑን ወደ ላክቴት መስበር ብቻ ነው። በጤነኛ ሰው ማሰሪያው እንደተፈታ የደም ላክቴት ከዕረፍቱ መጠን ሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ታካሚ ላክቴትም ፓይሩቬትም አልጨመሩም። ጡንቻው ሠርቷል፣ ታምሟል፣ ደርቋል፤ ከስኳር መስበር የሚወጣው ውጤት ግን የለም።

ሁለተኛው የደረቀው ጡንቻ ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ ነው። መርፌ ኤሌክትሮድ ጡንቻው ውስጥ ሲገባ፣ ተራ የጡንቻ ቁርጠት ቢሆን ኖሮ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይመዘገብ ነበር፤ ተራ ቁርጠት ነርቭ ያለ ልክ ሲያዝ የሚመጣ ነውና። እዚህ ግን ጡንቻው ተኮማትሮ እያለ መሣሪያው ጸጥ አለ። ነርቩ እንዲኮማተር እያዘዘው አይደለም፤ ጡንቻው ራሱ መላቀቅ አቅቶታል ማለት ነው። ጡንቻን የሚያኮማትሩት ሁለት ፕሮቲኖች ማዮሲንና አክቲን ናቸው፤ ማዮሲን አክቲንን የሚለቀው ኤቲፒ ሲያገኝ ነው፤ መኮማተርን የሚቀሰቅሰውን ካልሲየም ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕም የሚሠራው በኤቲፒ ነው። ስለዚህ የመላቀቅ ችግር ወደ ጉልበት ችግር ያመለክታል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ችግሩ የጡንቻ ብቻ ነው ወይስ የመላ ሰውነት?» የሚል ነበር። ለዚህ ሁለት ማነጻጸሪያዎች ተገኙ። ታካሚው አድሬናሊን ሲሰጠው የደም ግሉኮሱ እንደ ማንኛውም ሰው ከፍ አለ፤ ጉበቱ ግላይኮጅኑን መስበር ይችላል ማለት ነው። ከታካሚው የተቀዳው ደም ደግሞ በብልቃጥ ውስጥ ሲቆይ ላክቴት አጠራቀመ። ቀይ የደም ሴል ማይቶኮንድሪያ የለውም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከግላይኮሊሲስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከግሉኮስ እስከ ላክቴት ያለው መስመር በታካሚው ደም ውስጥ ደህና ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ጉድለቱ ጡንቻ ውስጥ ብቻ መሆኑ ታወቀ። ከጉዳዩ ሁሉ ውስጥ የላቀው ሐሳብ ይህ የብልቃጡ ደም ነው፤ ምንም ተጨማሪ ወጪ ሳይጠይቅ የጥርጣሬውን ግማሽ አስወግዷል።

አራተኛ፣ የኦክስጅን አጠቃቀሙና አተነፋፈሱ በዕረፍት ጊዜ ደህና ነበሩ፤ በሥራ ጊዜ ግን ከሥራው ልክ በላይ ጨመሩ።

የተሳካውና ያልተሳካው

መደምደሚያቸው ግልጽ ነበር፦ የታካሚው ችግር በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ወደ ላክቲክ አሲድ (ላክቴት) አለመሰበሩ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ትክክል ነው።

የትኛው ደረጃ እንደተዘጋ ግን ሊደረስበት አልቻለም። ማክአርድል የታካሚውን ጡንቻ በአዮዶአሴቲክ አሲድ ከተመረዘ ጡንቻ ጋር አመሳሰሉት። የዴንማርኩ ተመራማሪ ሉንድስጎርድ እንዲህ የተመረዘ ጡንቻ ላክቴት ሳይሠራ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ እንደሚደርቅ እ.ኤ.አ. በ1930 አሳይተው ነበር። ምስሉ በእርግጥ ይመሳሰላል። ሆኖም አዮዶአሴቲክ አሲድ የሚዘጋው የግላይኮሊሲስን መሀል፣ 6ኛውን ደረጃ ነው፤ የታካሚው መዘጊያ ደግሞ ገና ከግላይኮሊሲስ በፊት፣ በመግቢያው ላይ ነበር። ከታች ብቻ የሚለካ ምርመራ መዘጋቱን ይናገራል እንጂ የተዘጋበትን ቦታ አይለይም።

ቦታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአሜሪካ ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ ተመሳሳይ ምልክት ካላቸው ሌሎች ታካሚዎች ጡንቻ ቆርጠው በመውሰድ ፈጭተው ፈተኑት። የተፈጨው ጡንቻ ግላይኮጅን ሲሰጠው ላክቴት አይሠራም፤ ከግላይኮጅን በታች ያሉት ባለ ፎስፌት ስኳሮች ሲሰጡት ግን ይሠራል። የጎደለው ፎስፎሪሌዝ ነበር። ጡንቻው ውስጥ ያለው ግላይኮጅን ከጤነኛው ሰው በላይ ሆኖ ተገኘ፦ ጎተራው ሞልቷል፣ የሚከፍተው ግን የለም።

ይህ ግኝት በጎን ሌላ ትልቅ ክርክርም ዘግቷል። ፎስፎሪሌዝ በብልቃጥ ውስጥ ግላይኮጅንን መሥራትም ስለሚችል፣ በሕይወት ባለ አካልም ሠሪው እሱ ነው ተብሎ ለዓመታት ይታሰብ ነበር። ባዮኬሚስቱ ሉዊስ ሌሎዋር እ.ኤ.አ. በ1957 ሌላ የመሥሪያ መንገድ አሳይተው ነበር። ፎስፎሪሌዝ ፈጽሞ የሌለው ጡንቻ በግላይኮጅን ተሞልቶ መገኘቱ ኢንዛይሙ አፍራሽ እንጂ ገንቢ አለመሆኑን በሰው ላይ አረጋገጠ።

የጉበቱና የጡንቻው ፎስፎሪሌዝ የሚመጡት ከተለያዩ ዘረ መሎች ነው። አድሬናሊን ጉበቱ ላይ የሠራው ለዚህ ነው። የጡንቻው ዘረ መል በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ በሽታው የሚመጣው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ ነው።

የክንድ ፈተና ዛሬ፦ የት ይበላሻል

ክንድ አስሮ ማሠራት አደገኛ መሆኑ በተግባር ታይቷል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው በፈተናው መሀል ጡንቻው ሊደርቅ፣ ሊፈርስና ክንዱ ውስጥ ከፍተኛ እብጠት ሊፈጠር ይችላል። ማሰሪያው ለምርመራው የግድ እንዳልሆነም ታወቀ፤ በሙሉ ጉልበት የሚጨብጥ ጡንቻ ደም እየደረሰውም ላክቴት ይሠራል። ስለዚህ አሁን የሚመረጠው ያለ ማሰሪያ የሚደረገው ነው። በክርን መታጠፊያ ባለው የደም ሥር ላይ ቀጭን ቱቦ ይተከላል፤ በዕረፍት ጊዜ አንድ ናሙና ይወሰዳል፤ ታካሚው ለ1 ደቂቃ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨብጣል፤ ከዚያ ከ1ኛው እስከ 10ኛው ደቂቃ ተከታታይ ናሙናዎች ይቀዳሉ። ጡንቻው ከደረቀ ደቂቃው ባይሞላም ወዲያው ይቆማል።

ከላክቴት ጋር አሞኒያ ካልተለካ ውጤቱ ትርጉም የለውም። ጉልበት ሲያጥረው ጡንቻ ሁለት ኤዲፒ (አንድ ፎስፌት የጎደለው ኤቲፒ) አጋጥሞ አንድ ኤቲፒና አንድ ኤኤምፒ (ሁለት ፎስፌት የጎደለው) ያወጣል፤ ኤኤምፒው ሲፈርስ አሞኒያ ይለቀቃል። ስለዚህ ላክቴት ሳይጨምር አሞኒያ አለቅጥ ከጨመረ፣ ሰውየው በእርግጥ ሠርቷል፤ የስኳሩ መስመር ግን ተዘግቷል። ሁለቱም ካልጨመሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው በደንብ አልጨበጠም፤ ፈተናው ይደገማል እንጂ በሽታ አይባልም። ላክቴት ጨምሮ አሞኒያ ባይጨምር ደግሞ የጎደለው ኤኤምፒን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ሊሆን ይችላል።

ሌላው የተለመደ ብልሽት ናሙናው ከተቀዳ በኋላ የሚደርሰው ነው። ማክአርድል ለማስረጃ የተጠቀሙበት የብልቃጡ ደም እዚህ ጠላት ይሆናል። ደሙ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ቀይ የደም ሴሎቹ ግሉኮሱን ወደ ላክቴት መስበራቸውን ይቀጥላሉ፤ የታካሚው ላክቴት በሐሰት ከፍ ብሎ ሕመሙ ይሸፈናል። መድኃኒቱ ፍሎራይድ ያለበት ቱቦ፣ በረዶ እና ፍጥነት ነው። ፍሎራይድ የሚያግደው ኢኖሌዝን፣ ማለትም 9ኛውን ደረጃ ነው። ከላክቴት ቅርብ ስለሆነ ላክቴትን ቶሎ ያቆማል። ከእሱ በላይ ያሉት ደረጃዎች ግን ለተወሰነ ጊዜ ስኳር መብላታቸውን አያቆሙም፤ ስለዚህ በዚያው ቱቦ ግሉኮስን የሚለካ ሰው ፍሎራይድን ብቻ ማመን የለበትም።

ለታካሚዎቹ ምን ጠቀመ

የጎደለውን ኢንዛይም የሚተካ የተረጋገጠ ሕክምና የለም። የሚጠቅመው መዘጊያውን ዞሮ ማለፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 የተገለጸው «ሁለተኛ ትንፋሽ» የዚህ ተፈጥሯዊ ምሳሌ ነው። ታካሚው ቀስ ብሎ መራመድ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልቡ ይመታል፣ እግሩ ይከብዳል። ፍጥነቱን ቀንሶ ወይም ጥቂት ቆሞ ከቀጠለ፣ ከ6 እስከ 10 ባለው ደቂቃ ውስጥ ሸክሙ ይቀልለዋል፤ የልቡ ምት ሥራው ሳይቀንስ ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ወደ ጡንቻው የሚሄደው ደም ጨምሮ፣ ከጉበት የመጣው ግሉኮስና ከስብ የመጣው ፋቲ አሲድ ደርሰውለታል። የደም ግሉኮስ የሚገባው ከፎስፎሪሌዝ በታች ስለሆነ መዘጊያው አያገኘውም። በቋሚ ጫና ብስክሌት እየነዱ ከ7ኛው እስከ 15ኛው ደቂቃ የልብ ምትን መከታተል ለምርመራም ያገለግላል፤ እንዲህ ያለ መውረድ የበሽታው መለያ ነው።

በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል፤ ከሥራ በፊት 75 ግራም ስኳር የጠጡ ታካሚዎች ብስክሌቱን በቀለለ ሁኔታ መንዳት ችለዋል። በኋላ የተደረገ ሙከራ ወደ ግማሽ የተቀነሰ መጠን፣ ከሥራው 5 ደቂቃ ብቻ ቀደም ብሎ ቢወሰድ እንደሚሠራ አሳየ። ጉዳቱም ግልጽ ነው፦ በቀን ብዙ ጊዜ ከተወሰደ ክብደት ይጨምራል፤ በድንገት ለሚመጣ ጥረት ደግሞ አይደርስም። ከባድ ዕቃ ማንሳትና የቆመ መኪና መግፋት ስኳር ተጠጥቶም አደገኛ ናቸው። ራይቦዝ የተባለው ስኳር ተሞክሮ አልጠቀመም። ክሬቲን በአነስተኛ መጠን ጥቂት ረድቶ፣ በከፍተኛ መጠን ሕመሙን አባብሷል።

ከሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮላ ከጠቆረ የጡንቻ ሴሎች ፈርሰው ማዮግሎቢን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ወደ ደም ገብቷል ማለት ነው። ኩላሊትን ሊያቆም ስለሚችል በቤት የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚተላለፍ

የመዘጊያው ቦታ ሕክምናውን ይገለብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተገለጸ ሌላ የጡንቻ በሽታ አለ፤ የሚጎድለው ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ የሚባለው የግላይኮሊሲስ ኢንዛይም ነው። ምልክቱ ይመሳሰላል፤ በክንድ ፈተናም ላክቴት አይጨምርም። ነገር ግን ይህ መዘጊያ የደም ግሉኮስ ከሚገባበት በታች ነው። እንዲህ ላለው ሰው ስኳር ቢሰጡት ግሉኮሱ ራሱ መዘጊያው ላይ ይቆማል፤ ስኳሩ በደም ውስጥ ያለውን ፋቲ አሲድ ስለሚቀንስም የቀረችውን ነዳጅ ይነሳዋል፤ ሰውየው ይባስ ይደክማል። ላክቴት አለመጨመሩን ብቻ አይቶ ስኳር ማዘዝ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ይጎዳል።

አለመጨመር የሚባል ውጤት ማስረጃ የሚሆነው ሊጨምር ይገባው እንደነበር ሲረጋገጥ ነው። በክንድ ፈተናው ይህን የሚያረጋግጠው አሞኒያው ነው፤ በሌላ ምርመራም አቻውን መፈለግ ያስፈልጋል። በ1951ዱ ጉዳይ የጉበቱ መልስና የብልቃጡ ደም ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል፦ የቀረው አካል ደህና መሆኑን አሳይተው ጣት ወደ ጡንቻው እንዲቀሰር አድርገዋል።

አንድ ሥር የሰደደ እምነትም በዚህ በሽታ ምክንያት መታረም ይኖርበታል። ጡንቻ በሥራ የሚያመውና የሚዝለው ላክቲክ አሲድ ሲጠራቀምበት ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 የዚህ በሽታ ጥርጣሬ ያለበት አንድ ታካሚ ክንዱ እየሠራ በማግኔት መሣሪያ ተለካ። የጤነኛ ሰው ጡንቻ ሲሠራ አሲድነቱ ይጨምራል፤ የእሱ ግን አልጨመረም። የተከታተሉት ልኬቶችም በእንዲህ ያለ ጡንቻ ኤቲፒ ያን ያህል እንደማይቀንስ፣ የሚጠራቀሙት ኤዲፒና ፎስፌት መሆናቸውን አሳይተዋል። ላክቴት የማይሠራው ጡንቻ፣ ከሚሠራው ይልቅ ቶሎ ይዝላል፣ አብልጦም ያመዋል።